መሃል ላይ የተቋረጠው ዘፈን

ካሴቱ የወጣ ዕለት በረንዳዬ ላይ የተቀደደ ጆንያ እየሰፋሁ ነበር። የሰፈሩ ወጣቶች ቴፕ ተሸክመው እየተጋፉ ገቡ።

«እማማ፣ እንኳን ደስ አለዎት! ልጆቹ አዲስ ካሴት አወጡ!»

ልጆቹ የሚሏቸው አራት ናቸው። የእኔ ልጅ ጊታር ይመታል፤ የጎረቤቴ ልጅ ይዘፍናል፤ ሁለቱ ጓደኞቻቸው ድራምና ኦርጋን ይጫወታሉ። የሙዚቃ ባንዳቸው የተመሠረተው እዚሁ ጂማ፣ ከየቡ ከተማ ዙሪያ ገበሬዎች የምሰበስበውን ቡና በማስቀምጥበት መጋዘን ውስጥ ነው። ጆንያው ድምፁን ስለሚውጥላቸው ቦታውን ወደዱት።

እኔ ዘፈን አልወድም። አንዱን ከሌላው ለይቼም አላውቅም ነበር። ልጄ ሲለምነኝ ግን እሺ አልኩ፤ አንድ ነገር ብቻ አዘዝኩ። አዛን ሲሰማ፣ ዘፈኑ የትም ይድረስ የት፣ ያቆማሉ። ድራሙ አዛኑን እንዳይሰሙ ከከለከላቸው በመጋዘኑ ቁልፍ የቆርቆሮውን በር እመታለሁ። ወዲያው ጸጥ ይሉ ነበር። የጎረቤቴ ልጅ ክርስቲያን ነው፤ እሱም እኩል ይታዘዘኝ ነበር። አንዳንዴ ብቻ አንገቱን በበሩ ብቅ ያደርግና፣

«እማማ፣ አንዲት አዝማች ብቻ ቀረችን!» ይለኛል።

«አዝማችህ ይቆይ። ሰላት አይቆይም።»

«እሺ፣ እኔም በዚያው ጉሮሮዬን ላሳርፍ» ብሎ ይስቃል።

ከዚያ አራቱም ለብሔራዊ ውትድርና ተወሰዱ። በአንድ መኪና ጭነው ወደ ሰኮሩ መንገድ ሲያወጧቸው ቆሜ አየሁ። ዓመት አለፈ፤ ደብዳቤ የለም፣ አየናቸው የሚል ሰው የለም። በየሰላቴ ልጄን በሕይወት አቆይልኝ ከማለት ሌላ ዱዓ አልነበረኝም።

ስለዚህ ካሴት አወጡ ሲሉኝ መርፌው ከእጄ ወደቀ። ዘፈን አውጥተዋል ማለት በሕይወት አሉ ማለት ነው።

ወጣቶቹ ቴፑን ግቢው መሃል አስቀምጠው ከፈቱት። ጎረቤቴ እልል እያለች በአጥሩ ቀዳዳ ገባችና ከቴፑ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠች።

«ከሰሜን ጦር ግንባር ነው የተላከው» አለ አንዱ።

«ሂድ ወዲያ! እዚያ ማን ይቀዳላቸዋል? አዲስ አበባ መጥተው ነው።»

«አዲስ አበባ ቢመጡ ጂማ ሳይደርሱ ይቀራሉ? አንተ ደግሞ!»

ዘፈኖቹን ከዚያ በፊት ማንም አልሰማቸውም። ወጣቶቹ ይጨፍራሉ፤ ልጃገረዶቹ ያለቅሳሉ። እኔም አልሐምዱሊላህ እላለሁ። ሦስተኛው ዘፈን መሃል ላይ ግን ጊታሩ በድንገት ዝም አለ። ዘፋኙም ቃሉን ሳይጨርስ ተወው። ድራሙ ብቻውን ቀጠለ፤ ከዚያ ቆርቆሮ ሲመታ ተሰማና እሱም ቆመ።

«ሰማችሁ? መሃል ላይ ቆረጡት!»

«ቴፑ ተበላሽቶ ነው።»

«ዝም በል፣ ፋራ! ዘመናዊ ማለት ይሄ ነው። ስማው፣ ድራሙን በቆርቆሮ ለወጠው እኮ! ደግመው፣ ደግመው!»

ወደ ኋላ እያጠነጠኑ ደጋገሙት። በደገሙት ቁጥር በሩን የምመታው እኔ ነኝ። ካሴቱ የተቀዳው መጋዘኔ ውስጥ ነው፤ ከመሄዳቸው በፊት። ስለ ልጄ ያወቅሁት አዲስ ነገር የለም። ደስታቸውን ማየት ከበደኝና ለሰላት ውዱ አደርጋለሁ ብዬ ወደ ጓሮ ሄድኩ።

በማግስቱ መናኸሪያ አጠገብ ወዳለው ካሴት ቤት ሄድኩ። ባለሱቁ ሲያየኝ ከወንበሩ ተነሳ።

«እርስዎን ስጠብቅ ነበር» አለኝ። «ከመሄዳቸው በፊት የሰጡኝ ነው። ስንመለስ ታወጣዋለህ ብለውኝ ነበር።»

«ታዲያ መች ተመለሱ?»

«ሰው ረሳቸው፣ እማማ። ስማቸውን የሚያነሳ ጠፋ። አላስቻለኝም።»

ልቆጣው አስቤ ነበር፤ ግን አላህ ይስጥህ ብዬው ወጣሁ።

ስመለስ ጎረቤቴ ነጠላዋን መስቀልያ ለብሳ ደጃፏ ላይ ቆማለች። ዘርፍ ያለው አዲስ የቤተ ክርስቲያን ጃንጥላ በክንዷ ታቅፋለች።

«ስለቴን ላስገባ ነው» አለችኝ።

ላልተመለሰ ልጅ ምስጋና ልታደርስ ነው ብዬ ደነገጥኩ። እውነቱን ከሌላ ሰው አፍ ብትሰማው ደግሞ የባሰ ነው።

«ቆይ፣ እህቴ። ካሴቱ የድሮ ነው። ያ የቆርቆሮ ድምፅ የኔ ቁልፍ ነው።»

ጃንጥላውን ወደ ሌላው ክንዷ አዛወረችው።

«አውቄያለሁ። ዛሬ ጠዋት ብቻዬን ሰማሁት። ልጄን ጉንፋን ይዞታል። ሊወሰዱ ሰሞን ዝንጅብል ያፈላሁለት እኔ አይደለሁ?»

«ታዲያ ስለቱ?»

«ድምፁን አሰማኝ ብዬ ነው የተሳልኩት። መልስልኝ ለማለት ፈርቼ። ድምፁን አሰምቶኛል፤ ልዋሽበት?»

ለወጣቶቹ እንንገራቸው ወይ ብዬ ጠየቅኋት።

«ምን ብለን? ተያቸው ይጨፍሩ። ስማቸውን እየጠሩ አይደል?»

ጉልበቷ ደካማ ስለሆነ ጃንጥላውን ተቀብያት አብረን ሄድን። ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ መልሼ ሰጠኋትና ከውጭ ቆሜ ጠበቅኋት። ስትወጣ ፊቷ በእንባ ርሶ ነበር፤ ግን ቀለል ብሏት አየሁ።

ከአራቱ አንዱም እስከ ዛሬ አልተመለሰም። እሷ ናፍቆቷ ሲብስ ካሴቱን ትከፍትና የልጇን ድምፅ ትሰማለች። የእኔ ልጅ አይዘፍንም ነበር። ከእሱ የቀረኝ ካሴቱ ላይ ያለው የጊታሩ ክር ድምፅ ነው፤ ለእሱም አልሐምዱሊላህ።