በሰንሰለት የተጠመቀችው የክርስትና ልጄ

ገብስ እያበጠርኩ ሳለ የክርስትና ልጄ ወንድም ፈረሱን ከአጥሩ አስሮ ገባ። የመጣው ከአገራቸው ከገሰራ ነው። ጦሩ ጎባ ከሰፈረ ገና ብዙ አልቆየም፤ እኔም ወታደር ባለቤቴን ተከትዬ ከመንዝ ስለመጣሁ ኦሮምኛው አይገባኝም። ወንድሟ ግን አማርኛውን በገበያ ለምዷል።

«እሜቴ፣ እህቴ ድናለች፤ አልሐምዱሊላህ» አለኝ።

እልል ልል አፌን ስከፍት እጁን አነሳ።

«ይቆዩ። ልቧ ተመልሷል፤ ጠበሉን ግን አታስታውስም። አንገቷ ላይ ማተብ አግኝታ ‹ማን አሰረልኝ?› ትላለች። ‹አምናለሁ ብዬ ከሆነ እጸናለሁ፤ ካላልኩ በእናቴ ሃይማኖት ልኑር› ብላ ወደ እርስዎ ላከችኝ።»

ያሰርኩላት እኔ ነኝ፤ የክርስትና እናቷ።

ያን ጊዜ አእምሮዋ ታውኮ ሰው እየደበደበች አስቸግራ፣ ወንድሟ ራሱ አምጥቶ ለጠበሉ ጠባቂዎች አደራ ሰጥቷት ሄደ። እንደ ሌሎቹ ሕሙማን በሰንሰለት ታስራ ጎጆ ውስጥ ተቀመጠች። ቄሱ ብትጠመቅ ይሻላታል አሉ። ሕፃን ሲጠመቅ የክርስትና እናት ትመልስለታለች፤ ሙሉ ሰው ግን ራሱ ወደ ምዕራብ ዞሮ ሰይጣንን ይክዳል፣ ወደ ምሥራቅ ዞሮ አምናለሁ ይላል። እሷም ዞረች። ሰንሰለቱ እግሯ ላይ ተጠምጥሞ ጠባቂዎቹ ከኋላ ይዘዋት ነበር። አምናለሁ በሚባልበት ጊዜ አንድ የኦሮምኛ ቃል ሰማሁ። ከእሷ አፍ ይውጣ ከሚያስተረጉመው ጠባቂ፣ ውሃው እየጮኸ አልለየሁትም።

«ማተቡን ሳስርላት ያለችውን ግን ሰምቻለሁ» አልኩት። «በተሰባበረ አማርኛ ‹እግሬ ታስሯል፤ ደግሞ አንገቴን?› አለችኝ።»

ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ።

«እሷ ናት! ሳትታመምም አፏ እንዲህ ነው!»

ወዲያው ሳቁ ጠፋ።

«እንግዲያ ልቧ እዚያው ነበራ፣ እሜቴ። ታዲያ ይሄ እሺ ነው እምቢ?»

አምናለች ብዬ ሐሰት ቢሆንስ? አላመነችም ብዬ ከጥምቀቷ ባወጣትስ? ጸለይኩ፤ ነገሩ ግን ይበልጥ ተደበላለቀብኝ።

«ምን ልበላት?» አለኝ ፈረሱን እየፈታ።

«እስክጠይቅልሽ አትበጥሺው በላት» አልኩት።

ስለዚህ በዚያ ቀን ከጠበሉ ዳር የነበራችሁ ጠባቂዎች፣ እባካችሁ፣ እኔ ደስ እንዲለኝ ብላችሁ አታሳምሩልኝ። ራሷ ዞራ ነው ወይስ እናንተ ናችሁ ያዞራችኋት? ቃሉስ ከማን አፍ ወጣ? ያያችሁትን ብቻ ንገሩኝ፤ እሷ ማተቡን እንዳሰረች መልሴን እየጠበቀች ነው።