የሽኝቱ ማርሽ

ፒያኖው የተወረሰ ነበር። ናዝሬት ውስጥ አንድ ጣሊያን ይኖርበት የነበረው ቤት የቀበሌያችን ጽሕፈት ቤት ሲሆን ሰውየው ሄደ፣ ፒያኖው ግን በበሩ አልወጣ ስላለ ቀረ አሉ። እንዴት እንደገባ የሚያውቅ የለም። ሦስቱ ፂማሞች ከተሰቀሉበት ግድግዳ ሥር ተገትሮ የከተማችንን አቧራ ሲጠጣ ከርሞ አንዳንድ ቁልፎቹ ድምፅ አይሰጡም ነበር።

ለቀበሌው ኪነት ጓድ ፒያኖ የሚማር ሰው ሲፈለግ እጄን ያወጣሁት እኔ ነኝ። አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። ሙዚቃ ወድጄ አይደለም። ጭፈራ ውስጥ ሲያስገቡኝ እግሬ ከሰው እግር ጋር አልሄድ እያለ መሳቂያ ስላደረገኝ፣ ተቀምጬ የምሠራው ነገር ይሻለኛል ብዬ ነው። እግሬን ያስቸገረው ነገር እጄንም እንደሚያስቸግር ማን ይንገረኝ!

አስተማሪዬ የቀበሌው ዘበኛ ነበሩ። በጃንሆይ ጊዜ በወታደር ባንድ ውስጥ ተጫውተው ጡረታ የወጡ፣ ቀጭን፣ ቁጡ ሽማግሌ። ጣቶቼን አንድም ቀን አልተቆጡም፤ የሚያበሳጫቸው ምቱ ነበር። ምልምሎች የሚሸኙበትን ማርሽ ስጀምር ደህና እሄዳለሁ። ሰው ያየኝ ከመሰለኝ ግን እፈጥናለሁ። በዚህ ብቻ ቢያበቃ ጥሩ ነበር፤ ግራ እጄ በሁለቱ ምት መሃል ሦስተኛ ትጨምራለች። ከልጅነቴ ጀምሮ በየድንኳኑ ሳጨበጭብ ያደግኩት የሰርግ ምት ነው፣ ስደነግጥ እጄ የሚሸሸው ወደዚያው ነው። የግራ ቀኝ ማርሽ የነበረው ሙሽራ የሚያስወጣ ጭፈራ ይሆናል።

«ደጅ ያለውን ስሚ» ይሉኝ ነበር መሬቱን በዱላቸው እየመቱ። ደጅ ያለው የጋሪ መንገድ ነው። «ፈረሱን ማንም ካልነካው እንዲሁ እንደረገጠ ዝዋይ ይደርሳል። የሚያፈጥነው ጅራፍ ነው። አንቺ ደግሞ ራስሽን በራስሽ ትገርፊያለሽ።»

ድራም የሚመታው ልጅ የባለ ጋሪ ልጅ ነበር። የሰፈራችን ልጅ ነው፤ እናቱ ባየችኝ ቁጥር «ኢንተላ ኮ» ትለኛለች፣ ልጄ ማለቷ ነው፣ እና ጉንጬን ትስማለች። ምት የተማረው ከአባቱ ጎን ጋሪው ላይ ተቀምጦ ስለሆነ ማንም ሊያስተው አይችልም ነበር። አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ የማትሪክ ነጥብ አልመጣለትም። በዚያን ጊዜ ነጥብ ያልመጣለት ወንድ ልጅ ቤት ተቀምጦ የሚጠብቀው ብሔራዊ ውትድርና ነው። እሱን ያዳነው ድራሙ ነበር፤ በኛ ቀበሌ ስሙ በኪነት መዝገብ ላይ ያለ ልጅ በምልመላ ጊዜ ይታለፋል። ይህን እሱም፣ እናቱም፣ እኔም እናውቃለን።

ልምምድ ላይ እኔ ስሮጥ አብሮኝ ይሮጣል። ሽማግሌው ይጮሁበታል። «መሪው ድራሙ ነው! እሷ ገደል ብትገባ አብረህ ትገባለህ?»

«ታዲያ ብቻዋን ትቅር እንዴ፣ ጋሼ?» ይላል እየሳቀ። እኔም እስቃለሁ። ሞኝ ነበርኩ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የቀበሌያችን ምልምሎች ሽኝት ሆነ። አዳራሹ በእናቶች ነጠላ ተሞልቷል። ልጆቹ ፀጉራቸውን ተላጭተው በሁለት ረድፍ ቆመዋል፣ ደጅ የጭነት መኪና ይጠብቃቸዋል። እኛ ማርሹን ስንጫወት እነሱ ተሰልፈው ሊወጡ ነው። ጀመርኩ። ከፊት የተቀመጠች አንዲት ሴት ዓይኔ ውስጥ ገባች፤ የምታየው ግን እኔን ሳይሆን ልጇን ነበር። ልቤ መታ፣ እጄም ልቤን ተከተለ። ፈጠንኩ። ከዚያ ያቺ የተረገመች ሦስተኛ ምት መጣች። ድራሙ አንድ አፍታ አመነታ፣ ከዚያ እንደ ልማዱ ተከተለኝ።

መጀመሪያ አንዷ አጨበጨበች። ከዚያ ሌላዋ። ከኋላ በኩል እልልታ ተነሣ። ልጆቹ ግራ ቀኙን ረስተው ቆሙ፣ አንዱ ትከሻውን ነቀነቀ፣ ሰው ሳቀ። ሳቁ ግን ዕድሜ አልነበረውም፤ እልል ስትል የነበረችው ሴት ድምጿ መሃል ላይ ተሰብሮ ወደ ለቅሶ ዞረ፣ አዳራሹም ተከተላት። ላይድሩት የሚችሉትን ልጅ እዚያው እየዳሩ ነበር። ይህ የገባኝ ቆይቶ ነው፤ በዚያች ሰዓት የገባኝ የራሴ ውርደት ብቻ ነበር።

የቀበሌው ሊቀመንበር መድረኩ ላይ ዘሎ ወጣ። «ለአብዮታዊ ሠራዊት ሽኝት የሰርግ ዘፈን! በማን ላይ ነው የምትቀልዱት? ምቱን የሚይዘው ማነው?»

ድራም መቺው ልጅ ወደ እኔ አየ። አላስፈራራኝም፣ አልለመነኝም፤ አየኝ ብቻ። እኔ ቁልፎቹን አየሁ። እናቴ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ትለኝ ነበር፣ እኔም ደህና አድርጌ ዘጋሁት። ብናገር ምን እሆን ነበር? ሴት ልጅ ነኝ፣ ማንም አይመለምለኝም። ቢበዛ ከኪነቱ ተባርሬ ቤቴ እገባ ነበር። ጓደኞቼ ይስቁብኝ ነበር። የፈራሁት ይህንን ነው፤ ዛሬም ስጽፈው ያሳፍረኛል።

«ድራሙ ነው የሚይዘው» አለ ልጁ። እውነቱን ነው፣ መያዝ ያለበት እሱ ነበር። ሊቀመንበሩ እዚያው ከመዝገቡ ላይ ሰረዘው።

በማግሥቱ ሽማግሌው ፒያኖው አጠገብ ጠበቁኝ። ደጅ ሆነው ሰምተዋል። «አንቺ ነሽ አይደል?» አሉኝ።

«መሪው ድራሙ ነው ብለው የለም እንዴ እርስዎ?» አልኳቸው ዓይኔን በጨው አጥቤ።

ዱላቸውን አንሥተው ወጡ። ከዚያ በኋላ አላስተማሩኝም፤ በሩ ላይ ወንበራቸውን አድርገው ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ይቀመጡ ነበር። እኔ ግን በየቀኑ ሄድኩ። ከልጁ ቤት ፊት ለፊት እንዳላልፍ በዙሪያ እየሄድኩ፣ የጋሪ ፈረሶቹን ኮቴ እየሰማሁ፣ ያቺን ሦስተኛ ምት ከእጄ ላይ እስክነቅላት ድረስ አንዱን ማርሽ ደጋግሜ መታሁ። ከዚህ ሁሉ ልፋት ወደ ሊቀመንበሩ ቢሮ የሚወስደው ኮሪደር ያጥር ነበር።

የሚቀጥለው ምልመላ ሲመጣ ስሙ ወጣ።

በእሱ ሽኝት ቀን ድራም የሚመታ አልተገኘም፤ ምቱን የያዝኩት እኔው ነኝ። ተላጭቶ ሲታይ ሕፃን መስሏል። እናቱ በር አጠገብ ቆማለች። እንዳየችኝ ከንፈሯ «ኢንተላ ኮ» ሲል አየሁ። ማርሹን ጀመርኩ፣ ረድፉ ተንቀሳቀሰ። በአጠገቤ ሲያልፍ ጣቶቹ ጭኑ ላይ ምቱን ይመቱ ነበር፣ አሁንም እየተከተለኝ። አንዴ ብቻ ልሳት አልኩ በልቤ፤ ያቺ ምት ትምጣና እናቱ አንዴ ታጨብጭብለት። እጄ እምቢ አለ። ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ። ሽማግሌው ከወንበራቸው ሆነው ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ዞረው አዩኝ፣ በዱላቸውም መሬቱን ከእኔ ጋር መቱ። አንድም ምት ሳልስት እስከ መኪናው ድረስ ሸኘሁት።