አህያ ላይ የተቀመጠችው ሴት

ዓረብ አገር፣ ኾበር ከተማ በሠራሁበት ቤት ሳሎን ውስጥ ባለመስታወት ቁም ሳጥን ነበር። የማዳም ባል በወጣትነቱ እንግሊዝ አገር ሲማር፣ ሁለቱም አሮጌ የሸክላ ምስል መሰብሰብ ለምደው ኖሮ ቁም ሳጥኑ በዚያ ተሞልቷል። ሥራው ላይ እንቅልፍ የወሰደው ጫማ ሰፊ፣ በግ የሚሸልት ገበሬ፣ ከባሏ እጅ የመጠጥ ማሰሮ የምትቀማ ሚስት፤ ሁሉም ከስንዝር አይበልጡም፣ የሁሉም ጉንጭ ቀይ ነው። አቧራቸውን በለስላሳ ብሩሽ ማራገፍ የኔ ሥራ ነበር። ሌላ ሰው አይነካቸውም፤ በዚህም ትንሽ እኮራ ነበር።

አንዷ አህያ ላይ ተቀምጣለች። በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ታቅፋለች፤ ፊት ፊቷ በትር የያዘ ሽማግሌ ይሄዳል። ባየኋት ቀን አወቅኋት። እመቤታችን ናት፣ ወደ ግብፅ ስትሰደድ። እኔ ማተቤን በሻሽ ደብቄ በምኖርበት አገር እሷ ሳሎን መካከል ተቀምጣለች፤ ማዳም ግን ማንን እንዳስቀመጠች አታውቅም። በሆዴ ሳቅሁባት። በኛ ሥርዓት ሥዕል እንጂ ሐውልት እንደማንሳለም አላጣሁትም፤ ለስደተኛ ይፈቀዳል ብዬ ለራሴ ፈረድሁ።

በዚያ ዓመት በጽጌ ጾም መጀመሪያ እህቴ ደውላ የባለቤቴ ጉበት እንደ ከፋበት፣ ሳልሞት ልያት እንደሚል ነገረችኝ። ለማዳም መናገር ነበረብኝ። ግን ከኔ በፊት የነበረችው ልጅ ባሌ ታመመ ብላ የመውጫና የመመለሻ ወረቀት አስወጥታ በዚያው ቀርታለች። ያንኑ ብደግመው ማን ያምነኛል? ስለዚህ ነገሩን ለባለ አህያዋ አመለከትሁ። በየማለዳው ብሩሼን ይዤ፣ በሕይወቱ አድርሽኝ እላታለሁ። ሁለት ወር ሙሉ።

አንድ ጠዋት ስስማት ማዳም ከኋላዬ ቆማለች። አልተቆጣችም። ይህችን ትወጃታለሽ ወይ ብላ እጄ ላይ አስቀመጠችልኝና ምን እንደ ሆነች አስረዳችኝ። ገበያ የምትሄድ ባላገር ናት። ሽማግሌው ባሏ ነው። የታቀፈችው ለሽያጭ የምትወስደውን ዶሮ ነው፤ ጭንቅላቱ የተሰበረው የማዳም ልጅ ሕፃን ሳለ ጥሎት ነው።

እንባዬ መጣ። ማዳም አንድ ነገር የሰበርሁ መስሏት አስቀድማ ሸክላውን አየች፣ ቀጥላ እኔን። ያኔ ሁሉንም ነገርኋት።

«ለምን እስከ ዛሬ ዝም አልሽ?» አለች።

በዘጠነኛው ቀን ደማም አውሮፕላን ማረፊያ ነበርሁ።

ባለቤቴን በሕይወት አገኘሁት፤ ዓይኑ ቢጫ ሆኖ፣ ሰውነቱ አልቆ። ለምን እንደ ዘገየሁ ሲጠይቀኝ መዋሸት አቃተኝ። ሆዱን ይዞ፣ እያመመው ሳቀ።

«አንቺ ሴትዮ፣ እኔን ለዶሮ ነጋዴ አደራ ሰጠሽኝ?»

ከዚያ በኋላ ጠያቂ በመጣ ቁጥር ንገሪያቸው ይለኛል። እኔም የሽማግሌውን አረማመድ፣ የማዳምን አስተያየት እየጨመርሁ እነግራለሁ፤ እሱ ይስቃል። አሥራ አንድ ቀን እንዲህ ቆየን።

ለቅሶ ላይ ሰዎች ደርሰሽለታል እኮ እያሉ አጽናኑኝ። እውነት ነው፣ ደርሻለሁ። ግን ማዳም በዘጠኝ ቀን ነው የላከችኝ። በመጀመሪያው ቀን ብነግራት ጥቅምትንም ኅዳርንም አጠገቡ እሆን ነበር። ይህን ለሱ አልነገርሁትም። አስቂኝ አድርጌ የምነግርበት መንገድ አጣሁ።