በጥርኝ ቤት የዋልኩባት ቅዳሜ

ባለፈው እሑድ ከምሳ በኋላ ልጄ ሲፈን ሶፋው ላይ ጋደም ብላ ስልኳን ስትነካካ ድንገት ሳቀች። ውጭ አገር ባለ አንድ የዱር እንስሳት ማቆያ ውስጥ ሰዎች ገንዘብ እየከፈሉ ከጠባቂዎቹ ጋር አንድ ቀን ይሠራሉ አለችኝ። ሣር ይሸከማሉ፣ ሥጋ ይቆርጣሉ፣ ኩስ ይጠርጋሉ፤ ማታ የምስክር ወረቀት ተቀብለው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ።

«አባ፣ ከፍሎ ኩስ መጥረግ! ሰው ሲጠግብ እንዲህ ያደርገዋል?»

«እኔም ከፍዬ ጠርጌአለሁ» አልኳት።

አላመነችኝም። ልጆቼ ስለ እኔ የሚያውቁት ጠመኔ፣ ኮትና ጡረታ ብቻ ነው። ለማንኛውም ቁጭ አድርጌ ነገርኳት፤ የነገርኳት ግን ግማሹን ነበር። የቀረውን ግማሽ እኔ ራሴም አላውቀውም ነበር።

ነቀምቴ የተመደብኩት በሃያ ሦስት ዓመቴ ነው፣ የባዮሎጂ መምህር ሆኜ። ደብረ ማርቆስ ከተማ ውስጥ ተወልጄ ያደግኩ በመሆኔ ከበግና ከዶሮ ያለፈ እንስሳ በቅርብ አይቼ አላውቅም። ይህ ግን በሙሉ ልብ ከማስተማር አላገደኝም። በዚያ ዕድሜ መጽሐፍ በብብቱ የያዘ ሰው ማንንም አይፈራም። አንድ ቀን ስለ አጥቢ እንስሳት ሳስተምር ጥርኝን ከድመት ወገን ጻፍኩና ከሥሩ በቀይ ጠመኔ አሰመርኩበት። ተማሪዎቹ ጸጥ ብለው ገለበጡ። ግማሾቹ የጉቶ ጊዳና የጉቴ ገበሬ ልጆች ናቸው፤ ከእኔ የተሻለ የሚያውቁ ሳይኖሩ አይቀሩም። ያን ጊዜ ግን መምህር ሲሳሳት ተማሪ አንገቱን ይደፋል እንጂ እጁን አያወጣም።

ደወል ሲደወል ጫልቱ የምትባል ልጅ በሩ ላይ ጠበቀችኝ። ከጉቴ ወዲያ ካለ ቀበሌ መጥታ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይታ የምትማር፣ ዓርብ ዓርብ ወደ ቤቷ ሄዳ እሑድ ማታ ዱቄት አዝላ የምትመለስ ዝምተኛ ልጅ ናት። በፈተና ግን የሚቀድማት አልነበረም።

«ቲቸር፣ ጥርኝ እኛ ቤት አለ። ቢያዩት ደስ ይልዎታል» አለችኝ። ስለ ስህተቴ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። እኔም አልገባኝም። ወዲያው «እንዴታ! አባትሽን አስፈቅጂልኝ» አልኳት።

ምን እየጠየቅኩ እንደሆነ አላወቅኩም ነበር። በእነሱ ዘንድ የጥርኝ ቤት ለባዕድ አይከፈትም። ከጠባቂው በቀር የሌላ ሰው ዓይንና ድምፅ እንስሳውን ያሳምመዋል ተብሎ ይታመናል። የሽቶ መሥሪያ የሆነው ዝባድ የሚገኘው ከወንዱ ጥርኝ ነው። በየጥቂት ቀኑ በማንኪያ ተጠርጎ ይወጣና በበሬ ቀንድ ተጠራቅሞ ለነጋዴ ይሸጣል። የጫልቱ የቤት ኪራይና ደብተር የሚገኘው ከዚያ ቀንድ ነበር፤ ይልቁንም ከአንድ ትልቅ ጥርኝ። የሌሎቹ ዝባድ ለቤት ወጪ እንኳ አይበቃም። ያ አንዱ ቢታመም እሷም ትምህርቷን ትታ ወደ ቤት መግባቷ ነው። ይህን በኋላ ራሷ ናት የነገረችኝ፣ ስለ አየር ጠባይ እንደምታወራ ሁሉ ቀለል አድርጋ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ መልስ ይዛ መጣች። አባቷ ኦቦ ዱጋሳ ፈቅደዋል። ገንዘብ እከፍላለሁ ብዬ ልኬባቸው ነበር፤ እሱን አልፈለጉም። የሚገባ ሰው ለእንስሶቹ ምግብ ይዞ ይገባል፤ ሁለት ዶሮ ይዞ ይምጣ፣ ደግሞ ከእኔ ጋር እየሠራ ይውላል እንጂ ቆሞ አያይም ብለዋል።

ወሩ ጥቅምት ነበር። ጭቃው ደርቆ፣ ኑጉ አብቦ፣ በመንገዱ ግራና ቀኝ ሜዳው ቢጫ ሆኗል። ጉቴ ድረስ በጭነት መኪና ሄጄ ገበያ ገባሁ። በተሰባበረ ኦሮምኛዬ ስከራከር ዶሮ ሻጯ እናት ከት ብለው ሳቁብኝ። «ባርሲሳ፣ ሚስት አገባህ እንዴ? ሁለት ዶሮ ለአንድ ሰው?» አሉኝ። መምህር መሆኔን እንዴት እንዳወቁ እንጃ፤ ምናልባት ጫማዬን አይተው ይሆናል። ለጥርኝ ምሳ ነው ብላቸው ማን ያምነኛል ብዬ ሂሳቡን ከፈልኩ። ዶሮዎቹን ቁልቁል አንጠልጥዬ አንድ ሰዓት ያህል በእግር ሄድኩ።

ኦቦ ዱጋሳ ረጅም፣ ከሲታ፣ ዓይናቸው በጭስ የቀላ ሰው ነበሩ። «አካም ቡልቴ፣ ባርሲሳ» ብለው እጄን በሁለት እጃቸው ያዙኝ። ከዚያ ከጓሮ ወዳለችው ዝቅተኛ ጎጆ ወሰዱኝና በሯ ላይ አቆሙኝ።

«እዚህ ቤት አይጮህም። በጣት አይጠቆምም። አይቆጠርም። እሳቱም አይጠፋም። ገባህ?»

«ገብቶኛል፣ ኦቦ።»

እውነትም አንዱንም አልጣስኩም። እንዲያውም ከታዘዝኩት በላይ ለመጠንቀቅ ፈለግኩ። ምግብ ከመንካት በፊት እጅ መታጠብ እንደሚገባ በየክፍሉ የማስተምር ሰው አይደለሁ? አዲስ አበባ ያለችው እህቴ የላከችልኝን ጽጌረዳ ጽጌረዳ የሚል ሳሙና ከኪሴ አውጥቼ፣ ጫልቱ በጣሳ እያፈሰሰችልኝ እስከ ክርኔ ታጠብኩ፤ ቀዶ ጥገና የምገባ ነው የምመስለው። መሀል ላይ ውሃው ተቋረጠ። ቀና ብዬ ሳያት ጫልቱ ማፍሰሷን ቀጠለች።

ውስጡ ጨለማና ሙቀት ነበር። የእንጨት ጭሱ ከዝባዱ ሽታ ጋር ተደባልቆ ጉሮሮ ይይዛል። ጥርኞቹ ከእንጨት በተሠሩ ረጃጅምና ጠባብ ቤቶች ውስጥ ናቸው። ማገዶ አመላለስኩ፣ ኩስ ጠረግኩ፣ አመድ አወጣሁ። ወገቤን ይዤ ቀና ስል ኦቦ ዱጋሳ ያዩና ሳቅ ብለው ሌላ ሥራ ይሰጡኛል። ዓይኔ ጨለማውን ሲለምድ ትልቁን ጥርኝ አየሁት። ፊቱ ጠቁሮ፣ ጎኑ ተዥጎርጉሮ፣ የጀርባው ፀጉር ቀጥ ብሎ ቆሟል። አፍንጫው ወደ ውሻ ያደላል። ድመት አልነበረም። ያ ቀይ ጠመኔ ትዝ ሲለኝ በዚያ ጨለማ ውስጥ እንኳ ፊቴ ሲግል ተሰማኝ።

እኩለ ቀን ላይ አንዱ ዶሮ ታረደ። ለሌሎቹ ኦቦ ዱጋሳ ራሳቸው አቀረቡ። ትልቁን የማብላቱን ክብር ግን ለእንግዳ ሰጡ። ገንፎውን በወተት አላልቼ፣ ሥጋውን በእጄ እየበጣጠስኩ ጨምሬ አቀረብኩለት። መጣ፣ አሸተተ፣ አነጠሰና ወደ ኋላ አፈገፈገ። ጀርባውን ሰጥቶን ጥጉ ላይ ተኮራመተ። ጠበቅን። እንደገና አስጠጋሁለት። ዞር ብሎም አላየው።

ኦቦ ዱጋሳ ወጡ። ተከትያቸው ወጣሁ። ደጃፉ ላይ ካለው ግንድ ተቀምጠው ጫልቱን ጠሩና እኔም እንድሰማ ነው መሰለኝ በአማርኛ ተናገሩ።

«አባቴ ያልከፈተውን ቤት ስለ ለመንሽኝ ከፈትኩ። ይኸው ምግብ ተወ። የተወ ጥርኝ በሦስት ቀን ይሞታል። ከእንግዲህ ነቀምቴ ቀርቷል። ነገ አትሄጂም።»

«እሺ፣ አባ» አለች። ዓይኗ ግን ለአፍታ እጄ ላይ አረፈና ወደ መሬት ወረደ።

ከሐፍረቴ የተነሣ ፊቴን በሁለት እጄ ሸፈንኩ። ጽጌረዳ ሸተተኝ።

ያኔ ውሃው ለምን እንደተቋረጠ ገባኝ። ልጅቷ ከጠዋት ጀምሮ አውቃለች። ክፍል ውስጥ ተሳስተዋል እንዳላለችኝ ሁሉ እዚህም አላለችኝም፤ ትምህርቷ በዓይኗ ፊት ሲቀርም መምህሯን አላሳጣችም።

አልዋሽም፣ ዝም ማለትም ይቻል ነበር፤ አስቤበታለሁ። ልማዱ ተጥሷል፣ ጥፋቱ ቤቱ ለባዕድ በመከፈቱ ተመካኝቷል፤ እኔ ማታ ነቀምቴ ገብቼ አድራለሁ። በዚያ ላይ መምህር በተማሪው ፊት ተሳሳትኩ ሲል በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም። ግን ልጅቷ አንገቷን ማቀርቀሯ አላስቀመጠኝም፤ ብድግ አልኩ።

«ኦቦ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። የእሷም የእርስዎም አይደለም። በሽቶ ሳሙና ታጥቤ ነው ምግቡን የነካሁት» ብዬ እጆቼን ዘረጋሁ።

ኦቦ ዱጋሳ መጀመሪያ ቀኙን፣ ከዚያ ግራውን አሸተቱ። ወደ ጫልቱ ዞረው «አንቺ አላየሽም?» አሏት።

«አይቻለሁ።»

«ታዲያ?»

«መምህሬ ናቸው» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ።

ሽማግሌው እኔንም እሷንም አፈራርቀው አዩን። አልተቆጡም። ገብተው አንድ እፍኝ አመድ አመጡና በራሳቸው እጅ እጄን ያሹኝ ጀመር፣ ሕፃን እንደሚያጥቡ። አመድ፣ ውሃ፣ እንደገና አመድ፣ በመጨረሻም የዶሮ ስብ። ሁለተኛው ዶሮ ታረደ። ምግቡን እንደገና አዘጋጅቼ ገባሁና አቀረብኩለት፤ ከዚያ ከእሳቱ ዳር ቆምኩ። ብዙ ቆየ። ትንፋሼን ይዤ ስጸልይ ከጥጉ የዶሮ አጥንት ሲሰበር ተሰማኝ። ኦቦ ዱጋሳ ትከሻዬን ጨበጥ አድርገው ለቀቁኝ። እኔ እዚያው አለቀስኩ፤ በጭሱ አመካኘሁ።

ማታ ከመሄዴ በፊት የወለጋውን ሥራ ሥር፣ የተቀቀለ አንጮቴ በቅቤ አቀረቡልኝ። ከዚያ ወዲህ ብዙ አንጮቴ በልቻለሁ፣ እንደዚያ የጣፈጠኝ ግን የለም። ስለ ትምህርቱ ማንም ምንም አላነሣም፤ እኔም ለመጠየቅ ድፍረት አጣሁ። ሰኞ ጠዋት ጫልቱ ቦታዋ ላይ ተቀምጣ ሳገኛት ጠመኔውን አነሣሁና «ጥርኝ የድመት ወገን አይደለም። ተሳስቼ ነው ያስተማርኳችሁ» አልኩ። አንገቶች ሁሉ ቀና አሉ።

ለሲፈን የነገርኳት እስከዚህ ነው። እሷም «ታዲያ አባትየው መጀመሪያውኑ ለምን አስገቡህ?» አለችኝ። ይህንኑ ለመጠየቅ ለጫልቱ ደወልኩላት። አሁን ጊምቢ የምትኖር፣ የልጅ ልጅ ያየች ነርስ ናት፤ በየዓመት በዓሉ እንደዋወላለን።

«ውይ ቲቸር፣ እስከ ዛሬ አያውቁም እንዴ?» አለችኝ። «አባ እኮ እኔን ለማስቀረት ወስኖ ነበር፤ እርስዎ ሳይመጡ በፊት። ከትምህርት ቤት ቀርታለች ብለው እንዳይወቅሱት፣ ኑሯችን በምን ላይ እንደተንጠለጠለ በዓይንዎ እንዲያዩለት ነው ያስገባዎት። ያን ዕለት ማታ እናቴ ‹እንግዲህ ሰኞ ቀረች?› ስትለው፣ ‹ትሂድ። ትምህርት ቤቱ በልጅ ፊት ጥፋቱ የእኔ ነው የሚል መምህር ካለው፣ ጥርኙን ሸጬም ቢሆን ትማር› አላት።»

«ሸጡት እንዴ?»

«አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስደርስ ሸጠው። ለባርሲሳ እንዳትነግሪ ብሎኝ ነበር፣ ከፋኝ እንዳይል።»

ስልኩን ዘጋሁ። አርባ ዓመት ሙሉ ልጅቷን ትምህርት ቤት የመለሳት የጥርኙ መብላት ይመስለኝ ነበር። ከዚያች ቅዳሜ በኋላ በመምህርነት ዘመኔ ሁሉ ስሳሳት ተሳሳትኩ ማለት ለምጃለሁ፤ ያስለመዱኝ አባትና ልጅ ግን ምን ያህል እንደከፈሉ አላወቅኩም ነበር። ኦቦ ዱጋሳን አንድም ቀን አላመሰገንኳቸውም፤ ካረፉ ቆይተዋል። የፊታችን ቅዳሜ ጫልቱ ከጊምቢ ትመጣለች፤ ጉቴ ተገናኝተን መቃብራቸው ጋ አብረን እንሄዳለን። የምለውን ካሁኑ በኦሮምኛ እየተለማመድኩ ነው። ኦሮምኛ ከእኔ የተሻለ የምትችለው ሲፈን አነጋገሬን እያረመችኝ ናት፤ እኔም እሺ እያልኩ እደግማለሁ።