አያ ደሴ ያለ ፈረስ የተቀበሩ ዕለት

አያ ደሴን የማያውቅ አዘና ውስጥ የለም። አርባ ዓመት ሙሉ የፈረሰኛ ማኅበራችን አባል በሞተ ቁጥር ቀድመው ፈረሳቸውን የሚጭኑት እሳቸው ነበሩ። ዝናብ አይሉ፣ አዝመራ አይሉ። "እኔንም እንዲህ ሸኙኝ፤ ሌላ ምንም አልጠይቃችሁ" ይሉ ነበር። ይህችኑ አንዲት ነገር የነፈግኳቸው እኔ ነኝ፤ ወንድማገኝ፣ የማኅበሩ ጸሐፊ።

እንጅባራ ኮምፒዩተር ተምሬ መጣሁና መዝገቡን ሁሉ እዚያ ላይ ካልጻፍኩ አልኩ። አጉል አዋቂ! በደንባችን አባል በየዓመቱ ጥር ላይ ፈረሱን ይዞ ቀርቦ ስሙን ያሳድሳል። ያላሳደሰ ሲሞት ጥሩንባ አይነፋም፣ ፈረስ አይወጣም። ማን እንደቀረ ለማወቅ የአምናውንና የዘንድሮውን ዝርዝር ‹ኮም› ለሚባል ትእዛዝ ሰጠሁት። ሁለት ፋይል ጎን ለጎን እያየ አንዱ ላይ ብቻ ያለውን ስም ነጥሎ ያወጣል። አምና ኖረው ዘንድሮ የሉም ያላቸውን ሰባት ስም አወጣ። ከሥሩም ፋይሉ በፊደል ተራ አልተደረደረም የሚል ማስጠንቀቂያ በእንግሊዝኛ ጻፈ። ሳቄ መጣ። የእኛ ዝርዝር በሽምግልና ተራ ነው የሚጻፈው፤ ሽማግሌን ከጎረምሳ በታች ብጽፍ ማን ያስቀምጠኛል? ይሄ ማሽን ስለ ወጋችን ምን ያውቃል ብዬ ሰባቱን ሰረዝኳቸው።

አያ ደሴ ሰኔ ላይ አረፉ። ባለቤታቸው እትዬ ሙሉነሽ ራሳቸው መጡ። ሊቀመንበሩ ጥሊሊ ሄዷል፣ ስልኩም ኔትወርክ የለውም። የተሰረዙትን ዝርዝር አየሁ፤ ስማቸው አለበት።

"ዘንድሮ አላሳደሱም፣ እትዬ። ደንቡን ያውቁታል።"

"እንዴት ልጄ? ጥር ላይ ፈረሱን ጭኖ ወጥቶ አልነበር?"

"ወዴት እንደሄዱ እኔ በምን አውቃለሁ?" አልኳቸው። ምላሴን በቆረጠው! አንገታቸውን ደፍተው ሄዱ። ጥሩንባ ካልተነፋ ከየጎጡ ማን ይሰማል? ጎረቤት በእግሩ ሸኝቶ ቀበራቸው።

በሦስተኛው ቀን አባላት ጥር ላይ የሚፈርሙበትን የወረቀት መዝገብ ስገልጥ ስማቸውን ከነአውራ ጣታቸው አሻራ አገኘሁት። ዘንድሮ ሽማግሌዎቹ ተራቸውን ከአሥራ አራተኛ ወደ ሦስተኛ ከፍ አድርገውት ኖሯል። ለካ ያ ትእዛዝ ዝርዝሮቹ በፊደል ተራ ካልሆኑ አንዴ ያለፈውን ስም ተመልሶ አይፈልግም። በዘንድሮው ዝርዝር ከላይ አልፏቸው፣ በአምናው ከታች ሲደርስባቸው አጣቸው። እንደሳቸው ያለጥፋታቸው የተሰረዙ ሌሎች ሁለት ሰዎችም ነበሩ፤ እነሱ በሕይወት ስላሉ ስማቸውን መለስኩላቸው።

ሮጬ እትዬ ሙሉነሽ ቤት ሄድኩ። እግራቸው ላይ ወድቄ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ፈረሰኞቹን ልጥራ አልኳቸው።

"አሳድሶ ነበር በለኛ።"

"አዎ፣ እትዬ።"

"አርባ ዓመት አምኜው ኖሬ፣ አፈር ከለበሰ በኋላ ጠረጠርኩት። ያን ቀን ወዴት ሄዶ ነው፣ ሴት ነበረችው ይሆን እያልኩ ሦስት ቀን አንዲት እንባ ሳላፈስለት ቀረሁ። አንተስ ማሽኑ ነው አልክ። እኔ ምን ልበለው?"

ማልቀስ የጀመሩት ከዚያ በኋላ ነው።