ሞተሩ ተፈትቶ የከረመ ጊዜ

ሱሉልታ ውስጥ በእኛ መንገድ መኪና ያለኝ እኔ ብቻ ነበርኩ። መኪና ካሏት ማለቴ ነው፤ ቀለሟ ከፀሐይ ጋር ተጣልቶ የጠፋ፣ ከመጨረሻ ልጄ በዕድሜ የምትበልጥ አሮጌ ናት። ቢሆንም ምጥ የያዛት፣ እህል የሚያስፈጭ፣ ለሰርግ ወንበር የሚያመላልስ ሁሉ በሬን ያንኳኳል። እኔም "ይሄ ቤት ነው ወይስ መናኸሪያ?" እያልኩ ቁልፌን አነሳለሁ። ባለቤቴ ካረፈች፣ ልጆቼም ከተማ ከገቡ ወዲህ፣ ያ ማንኳኳት ባይኖር ቀኑን ሙሉ ድምፄን የሚሰማ ሰው እንደሌለ ግን ልብ ብዬ አላውቅም ነበር።

ከሁሉም የሚያዘወትሩኝ ፊት ለፊቴ ያሉት ሽማግሌ ናቸው። ሰፈሩ በሙሉ ኦቦ ብቻ ይላቸዋል። ኮፈኑን ከከፈትኩ ከዘራቸውን ይዘው ይመጡና ድንጋይ ላይ ተቀምጠው የማያውቁትን ይመክሩኛል። ጎማ ቢተነፍስም "ውሃ ጠምቷት ነው" ይላሉ። ሞተር ጠግኜ ስጨርስ እኔ ከፊት ቆሜ "በሉ!" ስል ቁልፉን የሚያዞሩልኝ እሳቸው ነበሩ።

አንድ ጠዋት ለሆስፒታል ቀጠሯቸው ይዣቸው ስወጣ እንጦጦ አቀበት ላይ መኪናዋ ፈላች። እንፋሎቱ ሲንቦለቦል የእኔም ደም አብሮ ፈላ። "እናንተን ሳመላልስ ነው ይቺ መኪና የሞተችው! እኔ የሰፈር ጋሪ አልገዛሁም!" አልኩ። ኦቦ ቀስ ብለው ወረዱ፣ በሩን እንዳይጮህ አድርገው ዘጉ፣ ታክሲ አስቁመው ሄዱ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ ተከትዬ ይቅርታ እንዳልል እግሬ አልታዘዝ አለኝ።

መኪናዋን አስጎትቼ ግቢ አስገባሁ። ሠላሳ ዓመት በሾፌርነትና በመካኒክነት እንጀራ በልቼ ጋራዥ ደጅ አልጠናም ብዬ ራሴው ሞተሩን ፈታሁት። የሞተሩ ራስ፣ ቴስታታ የምንለው፣ ተጣሟል፤ ከሥሩ ያለው ማሸጊያ ጋስኬትም ተቃጥሏል። ቡሎኖቹን ካርቶን ላይ በተራ እየሰካሁ ቁጥር ጻፍኩላቸው። ቴስታታውን በጆንያ ጠቅልዬ፣ ጭኔ አልችለው ስላለ ከጎኔ አስቀምጬ፣ በሚኒባስ ከተማ ወዳለ ብረት የሚያስተካክል ቶርኖ ቤት ወሰድኩት። ረዳቱ "አባት፣ እሱም እኮ የሰው ቦታ ይዟል" አለኝ። በዚያ ሳምንት ያነጋገረኝ ሰው እሱ ብቻ ነበር ብል አላጋነንኩም።

በሬን የሚያንኳኳ ጠፋ። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ ከዚያ ወሩ አለፈ። ምጥም የለ፣ ሰርግም የለ። ለካ ሰዎቹ የሚፈልጉት መኪናዋን ኖሯል አልኩ። ኦቦም አልመጡም። ማኩረፋቸው ገባኝ፤ ወይም የገባኝ መሰለኝ። በራቸው ከበሬ ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው፤ ሳልፍ አንገቴን ደፍቼ አልፋለሁ። በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ ሰው ቀድመው እንዲመጡልኝ መጠበቅ አያሳፍርም? ያሳፍራል፤ እጠብቅ ግን ነበር። ፒስተኖቹን ስጠርግ ጆሮዬ የከዘራ ድምፅ ይፈልጋል። አንድ ቀን ካቻቢቴ ቢወድቅብኝ "ያቀብሉኝ እስቲ" ብዬ ወደ ባዶው ድንጋይ ዞርኩ። ብቸኝነት እንዲህ ሆድ የሚያባባ ነገር መሆኑን ያን ቀን አወቅሁ።

ሁለተኛው ወር ሊያልቅ ሲል ቴስታታው ተስተካክሎ መጣ። አዲስ ጋስኬት አስገብቼ ቡሎኖቹን ከመሃል ወደ ዳር በየተራ አጠበቅሁ። ሞተር ሲነሳ አንዱ ቁልፉን ያዞራል፣ አንዱ ከፊት ሆኖ ዘይትና ውሃ የሚያፈስ እንደሆነ ያያል። እኔ ግን ያችን ሃያ እርምጃ መሄድ አቃተኝ። ራሴ እያዞርኩ፣ ራሴ ወደ ፊት እየሮጥኩ፣ በሦስተኛው ሙከራ ተነሳች። አንድ ጠብታ አላፈሰሰችም። ደስ ሊለኝ ሲገባ "ጎበዝ" የሚለኝ ሰው ማጣቴ አንጀቴን በላው። መንገዱን ተሻግሮ እንዲሰማቸው ነዳጅ እየሰጠሁ አስጮህኳት።

በሩ ተንኳኳ። እጄን በጨርቅ እየጠረግሁ ሮጥኩ። የኦቦ ምራት ናት።

"እሰይ፣ ተነሳችልዎት!" አለች።

"ኦቦስ?"

"ቡራዩ ሴት ልጃቸው ጋ ናቸው። ሁለት ወር ሊሆናቸው ነው። ድንገት ሲወድቁብን በባጃጅ አስፋልት አድርሰን፣ ከዚያ በታክሲ ወሰድናቸው።"

"እና እኔን አትነግሩኝም?"

አቀረቀረች። "እሳቸው ናቸው የከለከሉን። ከእንጦጦ በተመለሱ ማግስት ሰፈሩን ሁሉ ዞሩ። 'ሞተሩ ተፈትቷል። ካንኳኳችሁበት አልችልም ሊላችሁ ነው፤ ያፍራል። እስኪያስነሳት ማንም ደጁ እንዳይደርስ' አሉ። እኛንም ይሉኝታ ያዘን።"

በዚያው ሰዓት ወደ ቡራዩ ወጣን። ምራትየዋ "የፊቱ የአባዬ ቦታ ነው" ብላ ከኋላ ተቀመጠች። አቀበቱን መኪናዋ ሳትፈላ ወጣችው።

ኦቦ ግቢው ውስጥ ፀሐይ ይሞቃሉ። ከዘራቸው ጭናቸው ላይ ነው። ጎንበስ ብዬ ትከሻቸውን ሳምኩ። ትኩር ብለው አዩኝ።

"አካም ጅርታ? ኤሳ ዱፍቴ?" አሉኝ፤ በኦሮምኛ ደህና ነህ፣ ከየት መጣህ ማለታቸው ነው። ምራታቸው በጆሮዬ "አሁን አሁን ሰው አይለዩም" አለችኝ።

"ከሱሉልታ ነው ኦቦ።"

ፊታቸው በራ። "ሱሉልታ! እዚያ እኮ መኪና ያለው ጎረቤት አለኝ። ቁልፍ የማዞርለት እኔ ነኝ። ቁጡ ነው እንጂ ደግ ሰው ነው። አሁን ተበላሽታበት ብቻውን ይታገላል። ስትመለስ ለሰፈሩ ሰው ንገርልኝ፤ በሩን እንዳያንኳኩበት።"

ሁለት ወር ይዤው የከረምኩትን ይቅርታ የምጠይቀው ሰው አጣሁ።

"እሺ ኦቦ፣ እነግራቸዋለሁ" አልኳቸው።