በአማትና በጉማሬ መካከል

የልጄ ባል ባለፈው ሳምንት ከሱፐርማርኬት ድንጋይ ገዝቶ አመጣልኝ። በላስቲክ የታሸገ፣ ማንጠልጠያ ክር የተበጀለት የተረከዝ መፈግፈጊያ ድንጋይ ነው። “ማሚ፣ ውሃ ላይ ይንሳፈፋልኮ” ብሎ ባልዲ ውስጥ ጥሎ አሳየኝ። እኔን፣ ሐዋሳ ተወልጄ ያደግኩትን ሴትዮ፣ ስለ ተንሳፋፊ ድንጋይ ሊያስተምረኝ! ሳቄ መጣ። እሱ በስጦታው የተደሰትኩ መሰለው። እኔ ግን አባቴ እስከ አንገቱ ሐይቅ ውስጥ ተነክሮ፣ ራሱ ላይ ቄጠማ ጭኖ ታይቶኝ ነው።

በደርግ ጊዜ ነው፤ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ጉዱማሌ የሚባለውን መስክ አልፎ የሐይቁን ዳር ይዞ ለሚሄድ ሰው ቄጠማው ያልቅና ጥቋቁር ቋጥኝ ይጀምር ነበር። ያንን ቋጥኝ በእጅም በእግርም ብሎ የተሻገረ ሰው ከአንድ ሳሎን የማይሰፋ አሸዋ ያገኛል። ሦስቱ ጎኑ ድንጋይ፣ አራተኛው ውሃ። ነፋስ አይገባበትም፣ ማዕበልም አይደርስበትም። ዳር ዳሩን ተንሳፋፊ ድንጋይ ሞልቶት ውሃው ነካ ባደረገው ቁጥር እንደ ባዶ ጣሳ ኮሽ ኮሽ ይላል። የአሣ፣ የእርጥብ ሣርና ፀሐይ ሲመታው የዋለ ድንጋይ ሽታ ነበረው፤ ዛሬም አፍንጫዬ ውስጥ አለ። ሰው የሚባል ዝር አይልበትም። አባቴ የወደደውም ለዚሁ ነበር።

አባቴ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበር። የዓለምን ውቅያኖሶች በቃሉ ይወጣቸዋል፤ ዋና ግን አይችልም። ይህንንም አገር አውቆበት ነበር። አንድ ጊዜ ተማሪዎቹን በጀልባ ወስዶ ስለ ሐይቁ ጥልቀት ሲያብራራ፣ በማብራሪያው ሞቅ ብሎት ወደ ኋላ ራመድ ይልና ጥልቀቱን ራሱ ይለካዋል። አንድ አሣ አጥማጅ በቀበቶው ጎትቶ አወጣው። ከዚያ ወዲህ ሰሌዳው ላይ ሐይቅ በሣለ ቁጥር ከኋላ ወንበር ሳል ይነሣ ጀመር። እልህ ያዘውና በድብቅ ዋና ለመማር ቆረጠ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ “ስብሰባ አለብኝ” ይላል። በዚያ ዘመን ስብሰባ አለብኝ ያለን ሰው የት፣ ስለ ምን ብሎ የሚያፋጥጥ አልነበረም። ለእኔም የሕፃናት ስብሰባ ተፈልስፎልኝ፣ ከመኪና ጎማ የወጣ፣ በአየር የሚነፋ ከመነዳሪ በጆንያ ጠቅልሎ ተያይዘን እንወጣለን። እሱ ከመነዳሪው ውስጥ ገብቶ ሲንቦጫረቅ እኔ ቋጥኙ ላይ ተቀምጬ መንገዱን እጠብቃለሁ። ሰው ብቅ ካለ አፏጫለሁ። በሁለት ጣት ማፏጨት ያስተማረኝ ራሱ ነው፤ ፉጨቴ ታቦር ተራራ ድረስ ይሰማል እያለ ይኮራብኝ ነበር።

በዚህ መሀል አያቴ፣ የእናቴ እናት፣ ከደብረ ብርሃን መጡ። የደጋው ብርድ ጉልበታቸውን ስለያዛቸው ሞቅ ባለ አገር እንዲከርሙ ነው። የዛሬ ልጆች ይህን አታውቁትም፤ ያኔ አማች ማለት አማቱ ፊት በወጉ የማይጎርስ፣ እግሩን የማያነባብር፣ ማስነጠሱን እንኳ የሚውጥ ሰው ነበር። አማቲቱም ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ሳትከናነብ በፊቱ አታልፍም። ሁለቱ የሚነጋገሩት በእኔ በኩል ነበር። አያቴ “አባትሽ ወጥ ይጨመርላቸው እንደሆነ ጠይቂልኝ” ይላሉ። አባቴ አጠገባቸው ተቀምጦ “በቃኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ በያቸው” ይላል፤ ኋላ ወጥ ቤት ገብቶ ቆሞ ይበላል። እኔ እንደ ስልክ ቤት ሠራተኛ መሀል ቁጭ ብዬ ሳገናኝ ነው የማመሸው።

አንድ ቀን ግቢ ውስጥ ሳፏጭ አያቴ ሰሙና ጉድ ፈላ። ሴት ልጅ ታፏጫለች እንዴ፣ እባብ ልትጠራብን ነው፣ ለመሆኑ ማን አስተማራት ብለው እናቴን ወጥረው ያዟት። አባቴ ጋዜጣው ውስጥ ገብቶ ጠፋ። ከእንግዲህ ባፏጭ ከንፈሬን በበርበሬ እንደሚያሹልኝ በመስቀላቸው ምለው ነገሩ ተዘጋ።

አባቴ በዚሁ ክብር ቢወሰን ምንም ባልመጣ ነበር። እሱ ግን አማቱን ደስ አሰኛለሁ ብሎ ከዚያው ከድብቅ ቦታው አንድ ተንሳፋፊ ድንጋይ አመጣና፣ ለእማማ ተረከዝ ስጪልኝ ብሎ ለእናቴ ሰጣት። አያቴ ድንጋዩን ከወርቅ አስበልጠው ወደዱት። ሲያልቅባቸው ከየት እንደሚገኝ አሣ የምትሸጥልንን ሴትዮ ጠየቁ። ሴትዮዋም ቦታውን ብቻ አይደለም፣ እዚያ ያለው ለብ ያለ ውሃ ለጉልበት ፍቱን መሆኑን ጭምር ነገረቻቸው።

በዚያው ሳምንት እሑድ አያቴ ቤተ ክርስቲያን ተሳልሜ ልምጣ ብለው ወጡ። እኛም ወደ ስብሰባችን። አባቴ ካኪ ኮትና ሱሪውን አውልቆ አሸዋው ጫፍ ካለችው ቁጥቋጦ ላይ ሰቀለና ውሃው ውስጥ ገባ። ብዙም ሳይቆይ ከመንገዱ በኩል መጀመሪያ አንድ ዘንግ፣ ቀጥሎ አንድ ነጭ ነጠላ፣ ቀጥሎ አያቴ ብቅ አሉ። ጣቶቼን አፌ ውስጥ ከተትኩ። ከዚያ በርበሬው ትዝ አለኝ። ማስጠንቀቂያው ፉጨት ነው፤ የመጡት ደግሞ ፉጨት የከለከሉኝ ሰው ናቸው። ጣቴን አፌ ውስጥ እንደከተትኩ ድርቅ ብዬ ቀረሁ።

አያቴ እላዬ ደርሰው ስብሰባው እዚህ ነው ወይ ሲሉኝ፣ አልቋል አልኳቸው። ቤተ ክርስቲያኑም እዚህ አለመሆኑን እሳቸው ያውቃሉ፤ ስለዚህ ሁለታችንም ነገሩን አላጠበቅነውም። እጄን ይዘው ቋጥኙን ወረዱ። ከቁጥቋጦዋ አጠገብ ተቀመጡ፣ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አደረጉ፣ እግራቸውን እስከ ጉልበታቸው ውሃው ውስጥ ነከሩና “ተመስገን” አሉ።

ምስኪን አባቴ ከከመነዳሪው ላይ ቀና ሲል ያየው የአማቱን ጉልበት ነው። እናንተዬ፣ ሰው እንደዚያ ሲሰምጥ አይቼ አላውቅም። ከመነዳሪው ባዶውን ወደ መሀል ሐይቅ ጉዞውን ቀጠለ። አባቴ አንድ ድንጋይ ከለላ አድርጎ ቆመ፣ ከድንጋዩ ሥር የበቀለ ቄጠማ ነቅሎ አናቱ ላይ ጫነ። ከዚያ ስፍራ መውጫው በእኛ በኩል ብቻ ነው። ልብሱ ደግሞ ከአያቴ ክርን ሥር ነው። አማቱ ፊት እግሩን አነባብሮ የማያውቅ ሰው እንዴት ተደርጎ በውስጥ ሱሪ ይውጣ?

አያቴ ኮቱን አዩና የማን ነው አሉኝ። የአሣ አጥማጅ ነው አልኳቸው። አሸዋውን አራገፉለት፣ ቁልፉን ነካ ነካ አደረጉ፣ አጣጥፈው ሱሪው ላይ አስቀመጡት። ካኪ የሚለብስ አሣ አጥማጅ ሐዋሳ ብቻ ነው ያለው አሉ። ከዚያ ተረከዛቸውን መፈግፈግ ጀመሩ። አቤት አፈጋፈግ! ቀኙን ጨርሰው ወደ ግራው፣ ግራውን ጨርሰው እንደገና ወደ ቀኙ። ስለ ደብረ ብርሃን ውርጭ፣ ስለ አንዲት አመለኛ ላማቸው ያወሩልኛል። እኔ በአንድ ዓይኔ እሳቸውን፣ በአንድ ዓይኔ የአባቴን ራስ አያለሁ። ከንፈሩ በብርድ እንደ ከሰል ጠቁሯል። አንዴ ሳል አመለጠው። አያቴ ቀና እንኳ አላሉም።

ፀሐይዋ አዘቀዘቀች። በሐዋሳ ይህ ሰዓት ምን እንደሆነ ሕፃን ሁሉ ያውቃል፤ ጉማሬ ለግጦሽ ወደ ዳር የሚመጣበት ነው። ወዲያው ከቄጠማው ወዲያ ውሃው እፍፍ አለ። መጀመሪያ ሁለት ጆሮ፣ ከዚያ ሁለት ዓይን፣ ከዚያ በርሜል የሚያህል ጀርባ። አባቴ ጉማሬውን አየ። ዞሮ ወደ አማቱ አየ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ አመዛዘነ። ከዚያም ወደ ጉማሬው ግማሽ እርምጃ ተጠጋ።

እኔ ያኔ ጨዋታው ሁሉ ጠፋብኝ። አባቴ በዓይኔ ፊት ሊበላ ነው። የአያቴን ነጠላ ጨምድጄ ያዝኩ፤ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ጉማሬው አንዴ ጠለቀና ቀረብ ብሎ ወጣ። አባቴ ዓይኑን ጨፈነ።

አያቴ ዘንጋቸውን ተደግፈው ብድግ አሉ። የተጣጠፈውን ልብስ አንስተው ውሃው ጫፍ አስቀመጡ። ጀርባቸውን ለሐይቁ ሰጥተው፣ ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ተከናንበው፣ ፊታቸውን ወደ ታቦር ተራራ አዞሩ።

“በይ አፏጪላቸው” አሉኝ። “እኔ ፊቴን አዙሬያለሁ። ጉማሬ አማት አያከብርም፤ አባትሽ ይውጡ።”

አፏጨሁ። በዕድሜዬ እንደዚያ አፏጭቼ አላውቅም። አባቴ ውሃውን እየሰነጠቀ ወጣ፤ ከዱቄት ከረጢት የተሰፋው የውስጥ ሱሪው ጽሑፉ እንኳ በቅጡ አልለቀቀም ነበር። ልብሱን ላፍ አድርጎ ቋጥኙን እንደ ዝንጀሮ ወጣው። ጉማሬው አፉን ከፍቶ አዛጋና ተመልሶ ጠለቀ። አያቴ አሁንም ተራራውን እያዩ በስመ አብ ይላሉ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ የሚያለቅሱ መስሎኝ ዞሬ ፊታቸውን ባየው፣ ነጠላቸውን ነክሰው እየሳቁ ነው። ለካ የኮቱን ቁልፍ፣ ጥቁር ክር ከየሱቁ በጠፋበት ሰሞን፣ በቀይ ክር የተከሉት ራሳቸው ናቸው።

ማታ አባቴ ጋቢ ደርቦ እየተንዘፈዘፈ ራት ቀረበ። አያቴ ወደ እኔ ዞሩና “ስብሰባው እንዴት እንደዋለ አባትሽን ጠይቂልኝ” አሉ።

“ረጅም ነበር በያቸው” አለ አባቴ፣ ሰሐኑን እያየ። “ቤተ ክርስቲያኑስ?”

“ጸጥ ያለ ነበር በያቸው” አሉ አያቴ። እናቴ ሁለቱንም አየቻቸው፤ ግራ ገብቷት ወጥ ጨመረች።

በሚቀጥለው እሑድ አያቴ ቤተ ክርስቲያን ልሳለም ብለው ከእኛ ቀድመው ወጡ። ስንደርስ ቋጥኙ አናት ላይ፣ እኔ ከምቀመጥበት ቦታ፣ ጀርባቸውን ለሐይቁ ሰጥተው ተቀምጠዋል። አባቴ በርቀት ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ፤ እሳቸው አላዩም። ከዚያ ወዲያ እሑድ እሑድ አያቴ መንገዱን ይጠብቃሉ፣ ሰው ሲመጣ በዘንጋቸው ነካ ያደርጉኛል፣ እኔ አፏጫለሁ። ስለ በርበሬው ያነሣ የለም። አባቴ ክረምት ሳይገባ ያለ ከመነዳሪ ዋኘ። አማቱ ዋናውን አንድም ቀን አላዩለትም። ዓመታት አልፈው ደብረ ብርሃን ላይ ሲያርፉ፣ አባቴ ቀብራቸው ላይ እንደ ሕፃን ተንሰቅስቆ አለቀሰ። ለቀስተኛው ገረመው፤ ሁለቱ ሲነጋገሩ ያየ ሰው አልነበረማ።

ዛሬ አባቴም የለም፤ አማት ደግሞ እኔ ነኝ። የልጄ ባል ወጥ ከድስቱ እያወጣ ይቀምሳል፣ አንቺ ይለኛል፣ ሶፋዬ ላይ እግሩን ዘርግቶ ኳስ ያያል። ጥሩ ልጅ ነው፤ እወደዋለሁ። ያለፈው እሑድ ልጄና እሱ ወደዚያው ወደ ሐይቁ ዳር ወሰዱኝ። ለቋጥኙ የሲሚንቶ ደረጃ ተሠርቶለታል፤ አሸዋው ላይ የፕላስቲክ ወንበርና ሙዚቃ አለ። የልጄ ባል በቁምጣ ሆኖ፣ ውሃ እያንጠባጠበ መጥቶ አቀፈኝና ስልኩን አስያዘኝ። “ማሚ፣ ስዋኝ ቅረጪኝ” ብሎ ተመልሶ ገባ።

ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ወንበሬን አዞርኩና ጀርባዬን ለሐይቁ፣ ፊቴን ለታቦር ሰጠሁ። ከኋላዬ “ማሚ፣ እያየሽኝ ነው?” ይላል። ልጄም ምነው እማዬ፣ አመመሽ እንዴ አለችኝ። ደህና ነኝ አልኳት። ሁለት ጣቴን አፌ ውስጥ ከትቼ አፏጨሁ፤ በዚህ ዕድሜዬም ይሰማል። ሰው ሁሉ ዞር አለ። እኔም ዞርኩ። የልጄ ባል ከውሃው ውስጥ እየሳቀ እጁን አወዛወዘልኝ፤ አባቴ ግን አልወጣም።